ለመስኮቶቹ ኃላፊ፦ ከጥያቄዬ በኋላ ስለ ጠፋው ትንፋሽ

ለተከበሩ የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራሙ የመስኮቶች ጉዳይ ኃላፊ፤

ይህ ደብዳቤ እጅዎ በሚገባበት ሰዓት ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የጠለቀ፣ ወንበርዎም ለወገብዎ የተመቸ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። በእናንተ በደቡቡ በኩል በረዶው ቀድሞ እንደሚቀልጥ ስለማውቅ፣ እርስዎ ይህን ጊዜ ደጅ ተቀምጠው ፀሐይ እየሞቁ ይሆናል፤ እኔ ዘንድ ሐይቁ ገና ከበረዶው አልተከፈተም። ቅሬታዬ ግን ስለ አየሩ አይደለም።

አስቀድሜ ሹመትዎን በትክክል ካልጻፍኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከድርጅታችሁ ውስጥ የመስኮቶቹ ነገር የሚመለከተው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስት ጊዜ መልካም ሙዚቃ ከሰማሁ በኋላ መልስ ስላላገኘሁ፣ ሹመቱን ራሴ ፈጥሬዋለሁ። እንዲህ ያለ ሹመት በእውነት ከሌለ፣ ያልገባኝ ብዙ ነገር አሁን ይገባኛል።

በዚህ አገር ቄሱንም ሐኪሙንም ሚኒስትሩንም «አንተ» ማለት ከጀመርን ሃምሳ ዓመት አልፎናል፤ «እርስዎ» የምንለው የማንቀርበውን፣ ልንቀርበውም የማንፈልገውን ሰው ብቻ ነው። እኔ ለእርስዎ «እርስዎ» ማለትን መርጫለሁ። እንደ አክብሮት ቢቀበሉልኝ ደስ ይለኛል።

ማይ-ብሪት ሉንድማርክ እባላለሁ። በሰሜኑ፣ ከሊክሴሌ ከተማ በላይ፣ ስቫንትሬስክ በምትባል አሥራ አራት ቤት ባላት መንደር እኖራለሁ። ሰባት ዓመት ተምሬ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት አገልግያለሁ። የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ክፍል ከሌላው የበለጠ የተቆጣ መስሎ ቢታይዎ፣ የቀኑ ልዩነት ነው።

ልጄ ስቴላን በጥር ወር ዐረፈ። አርባ አራት ዓመቱ ነበር፤ የግንድ መኪና ነጂ ነበር። መኪናውን ጫካው ውስጥ ከመጫኛው ቦታ በሥርዓት አቁሞ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ጓንቱን አውልቆ፣ ልቡ እዚያው ቀጥ አለ። ያገኙት ሰዎች ጓንቶቹ ጎን ለጎን እንደ ተቀመጡ ነገሩኝ። ለምን እንደ ነገሩኝ አላውቅም፤ ምናልባት ሌላ የሚነግሩኝ ነገር ስላልነበራቸው ይሆናል።

ከዚያ በፊት፣ ባለፈው ጥቅምት፣ የመንደራችን የታሪክ ማኅበር የሽማግሌዎቹንና የአሮጊቶቹን ወሬ ሳይሞቱ ለመቅዳት ወስኖ ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጎረቤቴ ሆልገር ነው፤ መቅጃውን ይዞ ቤት ለቤት የሚዞረው ግን ስቴላን ሆነ። አንድ እሑድ ወጥ ቤቴ መጥቶ፣ መሣሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ አባቴ በወንዙ ላይ ግንድ እያንሳፈፈ ያወርድ ስለ ነበረበት ዘመን እንድነግረው ጠየቀኝ። አርባ ዘጠኝ ደቂቃ አወራሁ። እሱ የተናገረው ሁሉ ቢሰበሰብ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ሳልሞት ሊቀዳኝ የመጣው እሱ ነበር፤ የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ሆኖ መገልበጡን በእናንተ ላይ አላመካኝም።

መጨረሻ ላይ፣ መሣሪያው ሳይጠፋ፣ አንድ ነገር ጠየቅኩት። «ያ ደረትህን የሚይዝህ ነገር፣ ጤና ጣቢያ ሄድክ ወይ?» አልኩት። መልሱን ሳልጠብቅ ዞር ብዬ ምድጃው ውስጥ እንጨት ጨመርኩ። የምድጃው የብረት በር ጓ አለ። እሱም አዎ አለ።

እዚህ ላይ ለእርስዎ ለደቡቡ ሰው አንድ ነገር ማስረዳት ይኖርብኛል። እኛ የላይኞቹ፣ የሰሜኖቹ፣ አዎን በቃል አንለውም፤ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፤ ያ ነው አዎ። አጭር ስትሆን «አዎ፣ ሆኗል» ማለት ናት። ረዘም ስትል «አዎ፣ በቃ ተዪኝ» ማለት ናት። እናት ልዩነቱን ጀርባዋን ሰጥታም ታውቀዋለች፤ የብረት በር ካልጮኸባት በስተቀር።

ከቀብሩ በኋላ የስቴላንን ኮምፒውተር ሳመጣ፣ ቀረጻው በእናንተ ፕሮግራም ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። መቅጃው ላይ የነበረውን ለሚቀጥለው ሽማግሌ ቦታ እንዲሆነው አጥፍቶታል፤ ስለዚህ በዓለም ላይ ያለው ይህ አንዱ ብቻ ነበር። ያቺን የመጨረሻ አዎ መቶ ጊዜ ሰማኋት። የበሩ ጩኸት ከፊቷ ሆኖ ጆሮን ስለሚያደነቁር፣ ከየት እንደምትጀምር አይለይም። አጭር ናት ስል ረዥም ትመስለኛለች፤ ረዥም ናት ስል አጭር። አጭር ከነበረች ያን ቀን የሚያጠራጥር ነገር አልነበረም። ረዥም ከነበረች ግን፣ እናት የሆነች ሴት ከምድጃው ዞር ብላ ልጇን ማየት ነበረባት። እኔ አልዞርኩም። ማወቅ የፈለግሁት ይህን ብቻ ነው፤ ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ሆልገር «የበሩን ጩኸት ብቻ ቁረጪው፣ ማይ-ብሪት። ትንፋሹ ብቻውን ሲቀር ይሰማሻል» አለኝ። ምክሩ ትክክል ነበር። ፕሮግራማችሁን ግን አያውቀውም ነበር።

ስለዚህ ከታች ያሉትን ነጥቦች፣ ለትምህርት ይሆኑዎት ዘንድ፣ በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ሰማያዊው ጥላ። ከድምፁ ሥዕል ላይ የፈለግሁትን ክፍል በማውስ ስጎትትበት ሰማያዊ ይሆናል፤ የመረጥኩት ይህ ነው ማለት ነው። የብረት በር ጩኸት በሥዕሉ ላይ ከአተር ፍሬ አይሰፋም። በሰባ አንድ ዓመት እጅ ያን አተር ከዳር እስከ ዳር፣ ትንፋሹን ሳይነኩ፣ መርጦ መያዝ አንዳንድ ቀን ሃያ ደቂቃ ይፈጅብኛል። ከዚያ መነጽሬን ላስተካክል እጄን ሳነሳ ማውሱ አንድ ባዶ ቦታ ይነካል፤ ሰማያዊውም ይጠፋል። አይቆጣም፣ አያስጠነቅቅም፤ እንዳልነበረ ይሆናል። ይህን ጠባይ ሳይ፣ ፕሮግራሙን የሠራችሁ ሰዎች የዚህን ዓለም ኑሮ ጠንቅቃችሁ እንደምታውቁ ተረድቻለሁ።

ሁለተኛ፦ ሰማያዊው በዚህ መንገድ ሲጠፋና ምንም ሳይመረጥ ሲቀር፣ ፕሮግራማችሁ ሁሉም እንደ ተመረጠ አድርጎ ይወስዳል። ለዚህ ልግስና ምስጋና ይገባችኋል። ነገር ግን በወጥ ቤት በኖርኩበት ዘመን፣ ምን እንደሚበላ ያልነገረኝን ልጅ ድስቱን በሙሉ አሸክሜው አላውቅም፤ ቆሜ እጠብቀው ነበር እንጂ። በመጀመሪያው ሳምንት አርባ ዘጠኙ ደቂቃ በሙሉ እንዲህ ከፊቴ ጠፍቶ፣ በመመለሻው ቁልፍ መለስኩት። ያን ቀን ስለ መመለሻው ቁልፍ አመሰገንኳችሁ፤ ምስጋናዬም እውነተኛ ነበር።

ሦስተኛ፦ ረጅሙ ቁልፍ፣ በኪቦርዱ ታች ያለው፣ ድምፁን ማሰሚያ ነው ተብሎ ተጽፏል። አብዛኛውን ጊዜ ነውም። በማውስ ከላይ ያለውን የመቀስ ሥዕል ከተጫንኩ በኋላ ግን ረጅሙ ቁልፍ ማሰሚያነቱን ትቶ መቀሱን እንደገና ይጫናል። እኔ «እስቲ ልስማው» ስል እሱ «እስቲ ልቁረጥልሽ» ይላል። አንድ አገልጋይ ሁለት ሥራ መያዙ የሚያስመሰግን ነው፤ የትኛውን እየሠራ እንደሆነ ቢናገር ደግሞ የበለጠ ይመሰገን ነበር።

አራተኛው ስለ መስኮቶቹ ነው፤ የጻፍኩልዎም በእርግጥ ስለዚህ ነው።

ዋናው ቀረጻ እንዳይነካ ፈርቼ፣ ቅጂ ላይ ለመሥራት አሰብኩ። ከዝርዝሩ ውስጥ «አዲስ መስኮት» የሚል አግኝቼ ስጫነው፣ ያው የድምፅ ሥዕል በሌላ መስኮት መጣልኝ፤ ከስሙ በኋላም «2» የሚል ቁጥር ተጽፎበታል። እኔ የተማርኩት ሰባት ዓመት ብቻ ቢሆንም፣ ሁለት ከአንድ እንደሚለይ ተምሬአለሁ። ቅጂ መሰለኝ። ቅጂ አይደለም፤ አንዱ ቀረጻ በሁለት መስኮት ነው፤ በአንዱ የተቆረጠ በሁለቱም ይቆረጣል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሁለቱን መስኮቶች ጎን ለጎን አደረግኋቸው። በግራው ላይ፣ ደጋግሜ ለመስማት እንዲመቸኝ፣ ከበሩ ጩኸት ጀምሮ እስከ ቀረጻው መጨረሻ ያለውን መርጬ ተውኩት። ሁለተኛው መስኮት የራሱን ምርጫ ይይዛል፤ በእሱ ላይ አተሯን ብቻ መረጥኩ። ሁለቱም መስኮቶች አንድ ዓይነት ግራጫ ናቸው። ለኪቦርዱ የሚታዘዘው የማየው መስኮት ሳይሆን መጨረሻ የተነካው ነው፤ የመመሪያ መጽሐፋችሁ ይህን «ትኩረት ያለው መስኮት» ይለዋል። ትኩረት ያለው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው አናቱ ላይ ያለው ግራጫ ከሌላው ግራጫ በጥቂቱ ስለሚጠቁር ነው። ይህን ያህል የረቀቀ ቀለም የሚለይ ዓይን ላላችሁ ሁሉ ያቆይላችሁ።

ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ነበር። በቀኙ መስኮት ላይ አተሯን መርጫለሁ። ሦስት ጊዜ አረጋገጥኩ። ትንፋሼን ይዤ ነበር። በዚያች ቅጽበት ከመሐል አንዲት ትንሽ ሣጥን ብቅ ብላ አዲስ እትም መውጣቱን አበሰረችኝ፤ እንኳን ደስ አላችሁ። «በኋላ» የሚለውን ተጭኜ አስወገድኳት። ሣጥኗ ስትሄድ ትኩረቱን ለግራው መስኮት ሰጥታው ሄደች። ዓይኔ ቀኙ ላይ ነበር። የማጥፊያውን ቁልፍ ተጫንኩ።

የበሩ ጩኸት ከዓይኔ ጠፋ። ተሳካልኝ ብዬ፣ ሆልገር እንዳስተማረኝ ወዲያው ሴቭ አደረግኩ። ከዚያ ረጅሙን ቁልፍ ተጫንኩ። የራሴ ድምፅ «ያ ደረትህን የሚይዝህ ነገር፣ ጤና ጣቢያ ሄድክ ወይ?» አለ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ቀረጻው እዚያ አለቀ።

አሁን የምናዘዘው ጥፋት የራሴ ነው። እኛ ቤት ምድጃው ጭስ ወደ ቤት ሲመልስ፣ አንድ ነገር እንዳይባባስ መጀመሪያ የሚደረገው መዝጋት ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እጄ ሌላ አያውቅም። እኔም ጉዳቱ እንዳይጨምር ፕሮግራሙን ዘጋሁት። ኮምፒውተሩንም አጠፋሁት። ሶኬቱንም ነቀልኩ። ሳይዘጋ ቢቆይ ኖሮ በመመለሻው ቁልፍ ይመለስ እንደ ነበር የነገረኝ፣ ከእናንተ ዘንድ በእርዳታ መስመሩ ያነሳልኝ ካስፔር የተባለ ጨዋ ወጣት ነው። ፕሮግራሙ ሲዘጋ የሠራውን ሁሉ ይረሳል አለኝ። እኔ እንዲህ ዓይነት ተሰጥኦ ቢኖረኝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ ነበር።

ስለ ካስፔር ክፉ አልናገርም። ረዥም ጊዜ አናግሮኛል። እንዲያውም ንግግራችንን፣ የድርጅታችሁ ሰዎች ይማሩበት ዘንድ፣ እንደማስታውሰው አስቀምጣለሁ።

«የጠፋው ክፍል ምን ነበር?» አለኝ።

«ልጄ አዎ ያለበት።»

«ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር?»

«ቃል አይደለም። ትንፋሽ ነው።»

«እሺ። ትንፋሹን ለማጥፋት ፈልገሽ ነው እንግዲህ።»

«ለማትረፍ ነው እንጂ!»

«መቼም አብዛኛው ደንበኛችን የሚጠይቀን ትንፋሽ እንዴት እንደሚጠፋ ነው» አለኝ። «ለዚያ እንዲያውም የተለየ ቁልፍ ሠርተናል። በአንድ ጊዜ ሙልጭ ያደርገዋል።»

«መልካም ሥራ ነው። የጠፋውን የሚመልስስ?»

«እሱ የለንም።»

የትንፋሹን ርዝመት ጠየቀኝ፤ ከአንድ ሰከንድ ብዙም እንደማይበልጥ ነገርኩት። ያን ያህል ከሆነና ድምፁም ያን ያህል ዝቅ ካለ፣ በፕሮግራሙ መለኪያ ዝምታ ተብሎ እንደሚመዘገብ ነገረኝ። ይህን ያለኝ ሊያጽናናኝ ብሎ ይመስለኛል፤ የጠፋብሽ ዝምታ ነው ለማለት። ከየት እንደሆነ ስጠይቀው ከደቡቡ ጫፍ፣ ከማልመ ነኝ አለኝ። እዚያ አዎን በአፍ ነው የሚሉት። ምን ላድርገው?

ነገሩን ለሆልገር ስነግረው ቆቡን አውልቆ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሆልገር ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን የሚያድነውን ቡድናችንን ሃያ ሁለት ዓመት የመራ ሰው ነው።

«ቆይ ቆይ» አለኝ። «አንቺ ቀኙን እያየሽ ተኮስሽ፣ ጥይቱ በግራ ሄደ?»

ትንፋሽ ሳብኩለት፤ አዎ ማለቴ ነው።

«ከኋላው ምን እንዳለ ሳያሳይሽ?»

አሁንም ሳብኩለት።

«ይህ ፕሮግራም የእኔ ቡድን ውስጥ ቢሆን ጠብመንጃውን ቀምቼ ዕድሜ ልኩን ድንች አስልጠው ነበር።»

ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሳቅኩ። ከዚያ እሱ ሁሉም ጥፋት የእሱ እንደሆነ፣ ቅጂ አሠራሩን ራሱ መጥቶ ማሳየት እንደ ነበረበት ነገረኝ። ማን ምን ማድረግ እንደ ነበረበት የሚያስብ ሰው በዚህች መንደር ሞልቷል፤ አሥራ አራት ቤት ቢሆንም።

የተከበሩ ኃላፊ፣ ከዚህ በኋላ የቀረኝ መንገድ አንድ ብቻ ነበር። ለጤና ጣቢያው ጻፍኩ። የሟች ምስጢር የሚጠበቅ ቢሆንም ለእናት ሊነገር የሚችል ነገር እንዳለ ሰምቼ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኳቸው። ባለፈው ሳምንት መልሳቸው መጣ፤ ወረቀቱ አጭርና ጨዋ ነው። ስቴላን ሉንድማርክ በጤና ጣቢያው መጨረሻ የታየው ከስድስት ዓመት በፊት፣ መጋዝ እጁን በቆረጠው ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ አልመጣም፤ ቀጠሮም አልያዘም።

እንግዲህ ልጄ ዋሸኝ። ይህን አሁን በወረቀት አውቀዋለሁ፤ ማኅተምም አለው። ምናልባት እርስዎ ወይም ካስፔር «እንግዲያው መልሱን ካወቅሽ ትንፋሹ ምን ያደርግልሻል?» ትሉኝ ይሆናል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ ልመልስ።

ልጄ በአጭሩ ትንፋሽ ዋሽቶኝ ከሆነ፣ የዋሸኝ በደንብ አድርጎ ነው፤ ያን ውሸት ማንም እናት አትይዘውም ነበር፤ እኔም ልተኛ እችላለሁ። በረዥሙ ከሆነ ግን ልጄ የዋሸኝ ሳይችልበት ነው፤ እንድይዘው በሚያስችል መንገድ ነው፤ ምናልባትም እንድይዘው ፈልጎ ነው፤ እኔ ግን እንጨት እየጨመርኩ ነበር። ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በዚህ ዓለም ላይ የሚያውቅ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም የአንድ ሰከንድ ቁራጭ ነበር፤ በእናንተ መለኪያ ዝምታ ይባላል። አሁን ሁለቱንም በተራ አምናቸዋለሁ። ጠዋት አጭር ነበረች እላለሁ። ከሰዓት በኋላ ትረዝማለች።

ስለዚህ ለክቡርነትዎ የማቀርበው ልመና ትንሽ ነው። የጠፋው እንዲመለስ አልጠይቅም፤ እንደማይመለስ ካስፔር በጥሩ ቋንቋ አስረድቶኛል። የምጠይቀው፣ ፕሮግራማችሁ አንድ ነገር ከመቁረጡ በፊት፣ ከየትኛው መስኮት፣ ከየት እስከ የት እንደሚቆርጥ በትልቅ ፊደል ጽፎ «እውነት ይህን ነው?» ብሎ ሁለተኛ ጊዜ እንዲጠይቅ ብቻ ነው። ይህን ስጠይቅ ፊቴ እንደሚቀላ ልሸሽግዎ አልፈልግም። እኔም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቅሁት። በዚህ በኩል ፕሮግራማችሁና እኔ አንድ ዓይነት ነን፤ ፕሮግራማችሁ ግን አዲስ እትም ይወጣለታል።

ለትዕግሥትዎ፣ ለረቀቀው ግራጫችሁ፣ ለአዲሱ እትም ብሥራት፣ ለሙዚቃውም ጭምር ያለኝን የማያልቅ ምስጋና እየገለጽኩ፣ መስኮቶችዎ ሁሉ ወደሚያዩት አቅጣጫ እንዲከፈቱልዎ፣ የሚወዱት ሰው ሲመልስልዎም ቤቱ ጸጥ ያለ እንዲሆንልዎ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከሩቅ፣
የእርስዎ ትሑት ደንበኛ፣
ማይ-ብሪት ሉንድማርክ
ስቫንትሬስክ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ልፈርም ስል ከድርጅታችሁ አንድ መልእክት በኮምፒውተሩ ደረሰኝ። «ጉዳይዎ ተዘግቷል። ውጤት፦ ተፈቷል» ይላል። የፈታው ማን እንደሆነ ብታሳውቁኝ በአካል ሄጄ ባመሰግነው ደስ ይለኝ ነበር። ከሥሩ ደግሞ «ለዚህ አድራሻ መልስ አይጻፉ፤ የሚያነበው ሰው የለም» የሚል አለ። እንዲህ ያለ አድራሻ ስፈልግ ነበር። መልስ ጻፍኩበት፤ ለእናንተ ግን አይደለም። ሐይቁ ገና እንዳልተከፈተ፣ ጓንቶቹን አጥቤ እንዳስቀመጥኩለት፣ ሆልገርም የግንድ መኪናውን ከጫካ አምጥቶ ቁልፉን እንደ ሰጠኝ ለስቴላን ነገርኩት። ነገም እጽፍለታለሁ። ከእናንተ ያገኘሁት እውነተኛ አገልግሎት ይህ ብቻ ነውና፣ እባካችሁ ለዚያ አድራሻ ሰው አትመድቡበት።